ስፖርን እንደ ዘር ብትዘሩት

ከፈርን (አበባና ዘር የሌለው፣ በስፖር የሚራባ ቅጠላም ተክል) ቅጠል ጀርባ የረገፈውን ቡናማ ዱቄት አፈር ላይ የነሰነሰ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገጥመው እንዲህ ነው፦ አንድ ወር ይጠብቃል፣ ሁለት ወር ይጠብቃል፣ ፈርን የሚመስል ነገር አይወጣም። አፈሩ ላይ የሚያየው ስስ አረንጓዴ ነገር ተለጥፎ ነው። «አልጌ ወረሰው» ይልና ይደፋዋል። ከሚደፋው ውስጥ ቀላል የማይባለው ግን ራሱ የዘራው ፈርን ነው። ወላጁን በማይመስልበት ዕድሜ ላይ ስላገኘው ሳያውቀው ጣለው።

ስፖርን ያነሰ ዘር አድርጎ ማሰብ የስህተቱ ሁሉ መነሻ ነው። ባቄላን ለሁለት ብትከፍሉ ሥሩና ቡቃያው የተለየ ፅንስ ታገኛላችሁ፤ ስንቁም አብሮት ነው። ጽንሰቱ ያለቀው እናቲቱ ላይ ሳለ ነው፣ ከዘሩ የሚወጣውም ያው ባቄላ ነው። ስፖር ግን በአብዛኛው አንዲት ሕዋስ ናት። ፅንስ የላትም፣ የያዘችው ስንቅ ትንሽ ነው፣ የክሮሞሶም ስብስቧም ነጠላ ነው፤ የወላጇ ግማሽ ማለት ነው። ስለዚህ ከፈርን ስፖር መጀመሪያ የሚበቅለው ሌላ አካል ነው። ጽንሰቱ ገና ከፊት ይጠብቃል፤ የሚፈጸመውም ከወላጁ ርቆ፣ እርጥብ አፈር ላይ ነው። ስራው በብዛት የሚበላሸው እዚህ መሃል ላይ ነው። እንጉዳይም መንገዱ ቢለይም ከዚህ ጣጣ አያመልጥም።

በፈርን ቅጠል ጀርባ የሚታዩት ነጥቦች ወይም መስመሮች (ተባይ መስሎት የሚጠርጋቸው ሰው ጥቂት አይደለም) እያንዳንዳቸው የብዙ ጥቃቅን ከረጢቶች ክምር ናቸው። በአብዛኞቹ ፈርኖች አንዷ ከረጢት 64 ስፖር ትይዛለች። 16 እናት ሕዋሳት እያንዳንዳቸው በሚዮሲስ (ክሮሞሶምን በግማሽ በሚቀንሰው የሕዋስ ክፍፍል) ለ4 ይከፈላሉና። ከረጢቷን ከጀርባ እስከ ፊት ዞሮ የሚያቅፍ የሕዋሳት ረድፍ አለ፤ ብዙ ጊዜ 12 ወይም 13 ይሆናሉ። የእነዚህ ሕዋሳት የውስጥና የጎን ግድግዳ ወፍራም ነው፣ የውጪው ግን ስስ ነው። አየሩ ሲደርቅ በውስጣቸው ያለው ውሃ በስሱ ግድግዳ በኩል እየተነነ ይወጣል፣ የቀረው ውሃ ግድግዳውን ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ረድፉም ወደ ኋላ እየተለጠጠ ከረጢቷን ይሰነጥቃታል። የተለጠጠው ረድፍ ግማሾቹን ስፖሮች ይዞ እንደ ወንጭፍ ተወጥሮ ይቆማል። ውሃው መሳቡን መቋቋም ሲያቅተው በየሕዋሱ ውስጥ አረፋ ይፈነዳል፣ ረድፉ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ስፖሮቹም ይወረወራሉ። የሚወረውረው ምት ከሰከንድ ሺኛ ክፍል ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ይህን ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የበሰለ ቅጠል ቁራሽ 40 እጥፍ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ስር አድርጋችሁ ሞቅ ያለ መብራት ከጎኑ ብታበሩ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከረጢቶቹ አንድ በአንድ ሲፈናጠሩ ታያላችሁ።

ለመዝራት ቅጠሉ የሚቆረጥበትን ጊዜ ማወቅ ግድ ነው። ክምሮቹ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆኑ ገና ናቸው። ቡናማ ሆነው ከተንጨባረሩ ደግሞ ስፖሩ ሄዷል፤ የቀረው ባዶ ከረጢት ነው። የሚፈለገው በሁለቱ መሃል ያለው ነው፦ በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ሲታይ ጠቆር ያሉ፣ የሚያብረቀርቁ፣ ገና ያልተሰነጠቁ ድቡልቡሎች። ቅጠሉን ጀርባውን ወደ ታች አድርጋችሁ በታጠፈ ነጭ ወረቀት ውስጥ፣ ነፋስ በማይነካው ደረቅ ቦታ ላይ 1 ወይም 2 ቀን አኑሩት። ፕላስቲክ ከረጢት አይሆንም። እርጥበቱ ታፍኖ ሻጋታ ያበቅላል፣ ከረጢቶቹም ሳይደርቁ አይፈነዱም።

ወረቀቱ ሲከፈት የቅጠሉን ቅርጽ የያዘ ዱቄት ይታያል። ያ ሁሉ ስፖር አይደለም፤ ብዙው የከረጢት ስባሪ ነው፣ ሻጋታም በብዛት የሚገባው ከዚህ ገለባ ጋር ነው። ወረቀቱን አዘንብላችሁ ጀርባውን በጣት ቀስ አድርጋችሁ ምቱት። ገለባው እየተንከባለለ ቀድሞ ይወርዳል፣ ስፖሩ ግን ወረቀቱን ሙጥኝ ብሎ ይቀራል። ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም ጥሩ ነው። የተጣራው ስፖር በወረቀት ተጠቅልሎ በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ከዚህ ሕግ የሚወጡ አሉ። ኦስመንዳን የመሳሰሉ ስፖራቸው አረንጓዴ የሆነ ፈርኖች ክሎሮፊሉን ይዘው ስለሚወጡና ስለሚተነፍሱ ቶሎ ይደክማሉ፤ እነሱን በተሰበሰቡበት ሳምንት መዝራት ነው።

አፈሩ ደቃቅ ፒት (ከረግረግ የሚወጣ የተክል ብስባሽ) ወይም በወንፊት የተነፋ ኮምፖስት ይሁን። ማዳበሪያ አይግባበት፤ ማዳበሪያ ከፈርኑ በፊት የሚጠቅመው አልጌን ነው። ክዳን ባለው የሚያሳይ ፕላስቲክ ሳህን ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል አድርጋችሁ የፈላ ውሃ አፍስሱበት፣ ውሃው ወርዶ ካለቀ በኋላ ድገሙት፣ ከዚያ ከድናችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ተዉት። ይህ ሁሉንም ጀርም አይገድልም። የሞስን (እርጥብ ድንጋይና አፈር ላይ የሚነጠፈውን ትንሽ አረንጓዴ ተክል) ስፖር፣ አልጌንና የዝንብ እንቁላልን ግን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ለዚህ ስራ ያ ይበቃል። ከዚህ በኋላ የሚነካው ውሃ ሁሉ ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። ብዙ ሰው አፈሩን በጥንቃቄ ያፈላና በሳምንቱ ከቧንቧ ቀድቶ ይረጫል።

ሲዘራ ስፖሩ አይቀበርም። የአብዛኞቹ ፈርኖች ስፖር ያለ ብርሃን አይበቅልም፤ ላዩ ላይ ስስ አፈር እንኳ ብትነሰንሱበት ጨለማ ውስጥ ይቀራል። መጠኑም አነስተኛ ይሁን፦ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሳህን የቢላ ጫፍ ላይ የሚቀመጠው ዱቄት ይተርፋል። ከተዘራ በኋላ የአፈሩ መልክ ከተቀየረ በዝቷል ማለት ነው።

ስለ ብዛቱ ሳስጠነቅቅ የቦታ ጥበትን ብቻ ማለቴ አይደለም። ከስፖሩ የሚወጣው አካል ፕሮታለስ ይባላል። መጀመሪያ አረንጓዴ ክር ነው፣ ከዚያ ይሰፋና የልብ ቅርጽ ይይዛል፤ ከ1 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፣ በአብዛኛው ገላው ውፍረቱ አንድ ሕዋስ ብቻ ነው። ቀድሞ ያደገው ፕሮታለስ ጎረቤቶቹን ወንዴ እንዲሆኑ የሚያዝ ኬሚካል ወደ አፈሩ ይለቃል። ይህን በብዙ ፈርኖች የሚታይ ነገር የዕጽዋት ተመራማሪው ዋልተር ዶፕ እ.ኤ.አ. በ1950 ይፋ አድርጎታል። ተጨናንቆ በተዘራ ሳህን ውስጥ እንግዲህ ጥቂት ሴቴዎችና እጅግ ብዙ ጥቃቅን፣ መንማና ወንዴዎች ይወጣሉ። ሳህኑ አረንጓዴ ምንጣፍ ለብሶ ሳለ ፈርን የማይሰጠው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ ቆንጠር እያደረጉ ወደ አዲስ ሳህን አራርቆ መትከል ነው።

ክዳኑን ገጥማችሁ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ቦታ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው ብርሃን ስር አስቀምጡት። በመብራት ከሆነ በቀን 14 ሰዓት ያህል ይበራ። ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ክዳን ያለው ሳህን በአንድ ቀትር ይቀቀላል። የመጀመሪያው አረንጓዴ ጥላ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ይታያል፤ አንዳንድ ዝርያ ይዘገያል። አልጌ ከሆነ ቅርጽ የለውም፣ ሲነካ ያሟልጫል፣ ከአፈሩ ጋር ይለጠፋል። ፕሮታለስ ከሆነ በአጉሊ መነጽር ጠርዙ የተለየ፣ ብድግ ብሎ የቆመ ጥቃቅን ቅጠል መሳይ ነገር ነው። ይህን መለየት የቻለ ሰው ሳህኑን አይደፋም።

ልቦቹ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ሲደርሱ፣ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ፣ ውሃ ያስፈልጋል፤ እርጥበት ብቻ አይበቃም። የፈርን ወንዴ ሕዋስ በደርዘን የሚቆጠሩ ጅራፎቹን እያወራጨ የሚዋኝ ነው። እንቁላሏ ደግሞ በልቡ ታችኛ ገጽ ባለች አንገታም ጎድጓዳ ውስጥ ተቀምጣለች። የዕጽዋት ተመራማሪው ዊልሄልም ፌፈር እ.ኤ.አ. በ1884 እንዳሳየው ማሊክ አሲድ የተባለው ኬሚካል ዋናተኞቹን ወደ እሷ ይጠራቸዋል። በመሃላቸው ግን ያልተቋረጠ ስስ ውሃ ከሌለ ጥሪው ከንቱ ነው። ክዳኑ ላይ ጤዛ እያዩ «እርጥበት አለው» ብሎ መተው የተለመደ ነው፤ ጤዛው ክዳኑ ላይ እንጂ ልቦቹ ስር የለም። ፈልቶ ለብ ያለ ውሃ በደቃቅ መርጫ ልቦቹ እስኪረጥቡ ድረስ ርጩ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል በየሁለት ሦስት ቀኑ ድገሙት። ከተሳካ ከልቡ ጎድጎድ በኩል ትንሽ የተጠማዘዘ ቅጠል ብቅ ይላል፤ ያ ነው ፈርኑ። ልቡ ቀስ በቀስ ይጠወልጋል፤ አትደንግጡ፣ ስራውን ጨርሷል።

ችግኞቹ 2 ወይም 3 ቅጠል ሲያወጡ ቆንጠር ቆንጠር እየተደረጉ ከነአፈራቸው ተነስተው ይተከላሉ። ክዳኑ በአንድ ጊዜ ከተነሳ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጠወልጋሉ፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተገለጠ ሁለት ሳምንት ይፍጅ። በዚህ ጊዜ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ከታዩ ክዳኑን ክፍት አትተዉ፤ ትሎቻቸው ፕሮታለሱን ይበሉታል። በውሃ ጉዳይ መጨነቅ የማይፈልግ ጀማሪ ደግሞ ሰርቶሚየም ፋልካተምን ወይም ተሪስ ክሬቲካን ቢሞክር ይቀለዋል። እነዚህ ያለ ጽንሰት፣ በቀጥታ ከፕሮታለሱ አካል ፈርን ያወጣሉ። በአንድ ከረጢት የሚይዙትም 64 ሳይሆን 32 ስፖር ነው፤ የክሮሞሶማቸውን ቁጥር እንዳለ ይዘው ስለሚወጡ።

አውሮፓውያን በመካከለኛው ዘመን ፈርን የማይታይ ዘር አለው ብለው ያምኑ ነበር፤ ያገኘው ሰውም ራሱ ከዓይን ይሰወራል ይባል ነበር። ነገሩ የጠራው ዘግይቶ ነው። የዕጽዋት ተመራማሪው ሌሺች ሱሚንስኪ እ.ኤ.አ. በ1848 ጽንሰቱ በፕሮታለሱ ላይ እንደሚፈጸም ጻፈ። ሌላው የዕጽዋት ተመራማሪ ሆፍማይስተር በ1851 ሞስን፣ ፈርንንና ዘር አፍሪዎችን አንድ ዓይነት የትውልድ መፈራረቅ (ነጠላና ጥንድ ክሮሞሶም ያላቸው አካላት ተራ በተራ መምጣት) እንደሚያገናኛቸው አሳየ። ዘር አፍሪዎችም ስፖርን አልተዉም። ሁለት ዓይነት ስፖር አላቸው፦ የአበባ ዱቄት የሚነሳው ከትንሿ ነው፤ ትልቋ ደግሞ ከእናቷ ሳትለይ እዚያው ውስጥ ታድጋለች።

ሞስ ላይ ተራው ይገለበጣል። የምናየው አረንጓዴ ሥጋ ነጠላ ክሮሞሶም ያለው ነው፤ ስፖር ሰጪው እላዩ ላይ የቆመችው ቀጭን ዘንግና ጫፏ ላይ ያለችው ማሰሮ ብቻ ናት፣ ምግቧንም ከታችኛው ትቀዳለች። ስፋግነም የሚባለው ሞስ ማሰሮው ሲደርቅ እየጠበበ ውስጡ ያለውን አየር ያምቃል፤ ክዳኑ ሲፈነጠር ስፖሩን ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ላይ ይተፋዋል። ኢኩዊሴተም የሚባለው የፈርን ዘመድ ደግሞ እያንዳንዱ ስፖር 4 ክንድ አለው፤ ሲረጥብ ይጠቀለላሉ፣ ሲደርቅ ይዘረጋሉ። ማይክሮስኮፕ ስር ያለ ስፖር ላይ ቀስ ብላችሁ ብትተነፍሱ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ላይኮፖዲየም የሚባለው ሌላ ስፖር አፍሪ ተክል ስፖሩ ዘይታምና ውሃ የማይነካው ስለሆነ በአየር ተበትኖ ሲለኮስ ቦግ ይላል፤ በድሮ ፎቶ አንሺዎች ዘንድ ለብልጭታ ያገለግል ነበር። ቼስተር ካርልሰን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 22 ቀን 1938 የመጀመሪያውን የፎቶ ኮፒ ምስል ያወጣውም በዚሁ ዱቄት ነው። ለማብቀል ግን አትሞክሩት፤ የብዙዎቹ ዝርያዎች ፕሮታለስ ከመሬት በታች ከፈንገስ ጋር ተጣብቆ ዓመታት የሚፈጅ ነው።

ወደ እንጉዳይ ስንመጣ የምንቆርጠው እንጉዳይ የፈንገሱ ስፖር መበተኛ ብቻ ነው። አካሉ እንጨቱ ወይም አፈሩ ውስጥ የተዘረጋው የክር መረብ፣ ማይሲሊየሙ ነው። ከቆቡ ስር በተደረደሩት ስስ ንጣፎች ላይ ብዙውን ጊዜ በ4 በ4 የሚቀመጡ ስፖሮች አሉ። ከእያንዳንዱ ስፖር ግርጌ ከአየሩ እርጥበት የተሰበሰበ ጠብታ ይፈጠራል፤ ጠብታው ስፖሩ ጎን ካለው ውሃ ጋር ሲዋሃድ ስፖሩ ይፈናጠራል። የሚሄደው ርቀት ከሚሊ ሜትር ያንሳል፤ ሁለት ንጣፎች መሃል እስኪደርስ ያህል ነው፣ ከዚያ ቁልቁል ይወድቃል። ጠብታው የተሰየመው ስለ ነገሩ በሰፊው ባጠናው በቡለር ስም ነው። አየሩ ደረቅ ከሆነ ጠብታ የለም፣ ጠብታ ከሌለ ስፖር አይወድቅም።

የስፖር አሻራ ሲወሰድ የሚሳሳቱትም ይህን በመርሳት ነው። ቆቡ የተከፈተ ግን ያላረጀ እንጉዳይ ይመረጣል፤ ንጣፎቹን የሚሸፍነው መጋረጃ ካልተቀደደ ምንም አይወርድም። ግንዱን ከቆቡ ስር ቁረጡት፣ ንጣፎቹን ወደ ታች አድርጋችሁ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ አስቀምጡት፤ ነጭ ስፖር በነጭ ወረቀት ላይ አይታይምና። ቆቡ አናት ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉ፣ ብርጭቆ ድፉበት፣ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ተዉት። ከዚያ በላይ ከቆየ ይበሰብስና ባክቴሪያ የበዛበት ቡናማ ፈሳሽ አሻራውን ያበላሸዋል። የአጋሪከስ ቸኮላታማ ቡናማ ነው፣ የኦይስተር እንጉዳይ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ሊላ፣ የክሎሮፊለም ሞሊብዳይተስ አረንጓዴ። አሻራ ዝርያን ለማጥበብ ይረዳል እንጂ የሚበላውን ከማይበላው አይለይም። ገዳዩ አማኒታ ፋሎይደስም ነጭ ነው።

ታዲያ አሻራውን ጭድ ላይ አራግፎ እንጉዳይ መጠበቅ ለምን አይሆንም? አንደኛ፣ የአንዲት ስፖር ክር ብቻዋን በአብዛኞቹ ዝርያዎች ላይ ፍሬ አትሰጥም፤ ከምትገጥማት ሌላ ክር ጋር መጣመር አለባት። በኦይስተር የአንድ እንጉዳይ ስፖሮች እርስ በርስ የመግጠማቸው ዕድል ከአራት አንድ ነው። ስኪዞፊለም ኮሙን በሚባለው ከ20,000 በላይ የጥምረት ዓይነት አለ። በገበያ የታወቀው አጋሪከስ ባይስፖረስ ግን በብዛት 2 ስፖር ነው የሚያወጣው፤ እያንዳንዷም ሁለት ተጣማጅ ኒውክለስ ይዛ ስለምትወጣ አጋር አትሻም። ሁለተኛ፣ ተጣምረው የበቀሉት ልጆች የወላጃቸውን ጠባይ አይደግሙም፤ አንዱ ይፈጥናል፣ ሌላው ይለግማል። ሦስተኛ፣ ስፖሩ እስኪነቃ ጭዱን ሻጋታ ይቀድመዋል። ስለዚህ አምራች የሚጀምረው የተመረጠው ማይሲሊየም ከወረሰው እህል ነው፣ ከጭዱ ርጥብ ክብደት ከ3 እስከ 5 በመቶ ያህል እየቀላቀለ።

ከስፖር መጀመር ለሚፈልግ፣ አዲስ ዝርያ ለመምረጥ ለምሳሌ፣ መንገዱ በአጋር (ከባሕር አልጌ የሚወጣ፣ ምግቡን የሚያረጋ ዱቄት) ሳህን በኩል ነው። ለ1 ሊትር ውሃ 20 ግራም የብቅል ተዋጽኦና 20 ግራም አጋር ይበጠበጣል፣ በፕሬሸር ኩከር 121 ዲግሪ ላይ 20 ደቂቃ ይቆያል። በእሳት ቀልቶ በቀዘቀዘ ሽቦ ከአሻራው ጥቂት ነክቶ ዚግዛግ መሳብ ነው። የመጀመሪያው ሳህን ንጹህ ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ። ነጭና ጭረት መሳይ ሆኖ የሚሰራጨውን ጠርዝ ብቻ ቆርጣችሁ ወደ አዲስ ሳህን አሻግሩ፤ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ዱቄት ያለበትን ክዳኑን ሳትከፍቱ አስወግዱ። መጣመራቸውን ለማረጋገጥ በ400 እጥፍ የኦይስተርን ክር ስታዩ በየመጋጠሚያው ጎን ትንሽ እጀታ መሳይ እብጠት መኖር አለበት። ከሌለ ገና ነጠላ ነው፤ እህል ማባከን ነው።

ኦይስተር የሚያመርት ሰው ሌላም ነገር ይጠንቀቅ። የቆቡ ጠርዝ ወደ ላይ ሳይገለበጥ መቁረጥ ክብደት ለማግኘት ብቻ አይደለም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚርገፈው ስፖር በጊዜ ብዛት ሳንባን በአለርጂ ያስቆጣል፣ ሳልና ትኩሳት ያመጣል። ኤን95 ማስክ ማድረግ ግዴታ ነው።

እስካሁን ያልነው ጥምረትን ስለሚከተለው ስፖር ነው። ሻጋታ ዳቦ ላይ የሚበትነው አረንጓዴ ዱቄት ግን ያለ ምንም ጥምረት ከክሩ ጫፍ እየተቆረጠ የሚወጣ የራሱ ቅጂ ነው፤ ፈጥኖ የሚወርሰው ለዚህ ነው። ሁለቱንም የሚያፈራርቀው የስንዴ ግንድ ዋግ 5 ዓይነት ስፖር አለው። ከስንዴ ወደ ስንዴ የሚዛመተው ቀይ ቡናማው በየ1 ወይም 2 ሳምንቱ ይደጋገማል፤ ጥቁሩ የብርዱን ወራት ያሳልፋል፤ ከጥቁሩ የሚወጣው ደግሞ ስንዴን አይነካም፣ ባርቤሪ የሚባለውን ቁጥቋጦ ነው የሚይዘው። የቀሩት ሁለቱ የሚወጡት ባርቤሪው ላይ ነው፤ ጥምረቱ የሚፈጸመው እዚያ ነው፣ ወደ ስንዴ የሚመለሰውም ከዚያ ነው። የፈንገስ ተመራማሪው አንቶን ደ ባሪ ይህን እ.ኤ.አ. በ1865 አረጋገጠ፤ በብዙ አገር ባርቤሪ የተመነጠረውም አዲስ ዝርያ የሚወለድበትን ቦታ ለማጥፋት ነው።

የባክቴሪያን ስፖር ከእነዚህ ጋር የሚቀላቅል ብዙ ነው። እሱ መራቢያ አይደለም። አንድ ሕዋስ አንድ ስፖር ይሆናል፣ ሲነቃም አንድ ሕዋስ ነው፤ ክፉ ቀን ማሳለፊያ ነው። እንጉዳይ አምራቹን የሚያስለቅሰው ግን ይሄ ነው፤ የአንዳንዶቹ በ100 ዲግሪ መፍላትን ይችላሉ። ተቀቅሎ የቀዘቀዘ እህል በሦስተኛው ቀን ተልቆጥቁጦ ከሸተተ ተጠያቂው ብዙ ጊዜ ባሲለስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። የ1 ሊትር ማሰሮ እህል በ121 ዲግሪ 90 ደቂቃ መቆየት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሙቀቱ እህሉ መሃል እስኪደርስ ጊዜ ስለሚፈጅ። ፕሬሸር ኩከር ከሌለ የቲንዳል ዘዴ አለ፦ ለሦስት ተከታታይ ቀናት በየቀኑ 1 ሰዓት ያህል በእንፋሎት ማፍላት፣ በመሃል በክፍል ሙቀት ማሳደር። የመጀመሪያውን ቀን የተረፉት ስፖሮች ሌሊቱን ነቅተው ተራ ሕዋስ ይሆናሉ፣ ማግስቱ የሚያገኛቸው በዚያ ደካማ መልካቸው ነው። እህሉ ቀድሞ በደንብ ካልራሰ ግን ዘዴው አይሰራም፤ በደረቅ እህል ውስጥ ያለ ስፖር አይነቃም፣ ሦስቱንም ቀን ተኝቶ ያልፈዋል።